ቡችላ በቤት ውስጥ ስናሳድግ

ከኅዳር ወር ወዲህ ለኅብረት ወደ ቤታችን የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ከጸሎት በኋላ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ ያ ቡችላ ሳሎን ውስጥ ምን ያደርጋል? አንዳንዶች ፈገግ ብለው ይጠይቃሉ። ሌሎች ግን ፈገግታ የላቸውም። አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ወንድም «የአገልጋይ ቤት ውስጥ ውሻ?» ብለው ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሥተዋል። ለእያንዳንዱ ሰው በር ላይ ከምንመልስ አንድ ጊዜ ጽፈነው ብትነጋገሩበት ይሻላል ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በእኛ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ ውሻን ያስባል። ግማሹ መንደር ገና ጅምር ቤት ነው፤ የመንገድ መብራት የሌለበት ቦታ ብዙ ነው፤ ከመሸ ደግሞ ጅብ ይወርዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል ተብሏል፤ ጅቡ ግን አልሰማም። ስለዚህ ቡችላ ከወዳጅ ይለመናል ወይም በካርቶን ተደርጎ ከገበያ ይመጣል። በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ ተለይቶ፣ አንገቱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ይታሰራል። ብርድ ካልገደለው በሽታ ይገድለዋል። ሁለቱን ካለፈ ደግሞ ሰው የማያውቅ፣ ሁሉን የሚፈራ፣ ስለሚፈራም የሚናከስ ውሻ ይሆናል። ከዚያ «ክፉ ውሻ አለን» ብለን በር ላይ እንጽፋለን።

የእኛ ቡችላ የመጣው ከሰበታ ነው። እዚያ ያለ በጌታ ወንድማችን ውሻው አምስት ወልዳለት ነበር። ልጆቻችን ቶሎ እናምጣው ብለው ቢወተውቱም እሱ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አንዱንም አልሰጥም ብሎ ጸና። ትክክል ነበር። ቡችላ ንክሻን መመጠን፣ ከሌላ ውሻ ጋር መኗኗርንም የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ ያንን ትምህርት ያልጨረሰ ቡችላ በኋላ የሰው ልጅ እጅ ላይ ይለማመዳል። ሲሰጠን እናትየው የምትተኛበትን ጨርቅ ቀዶ አብሮ ሰጠን። ጨርቁ ይሸታል፤ ጥቅሙም በመሽተቱ ነው።

ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ነው የሚገኘው። የሁለት ወር ቡችላ ደጅ ማሳደር አንችልም አልን። ብርዱ ብቻም አይደለም። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ መንገድ ለመንገድ ከሚዞሩ ውሾች በሽታ ይይዘዋል። ፓርቮ የሚሉት ተቅማጥ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ ቫይረሱም አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ እስኪከተብና እስኪጠነክር በቤት ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ በደጅ በራሱ ቤት፤ የወሰንነው ይህን ነው።

ትልቁ ተቃውሞ የመጣው ከራሳችን ቤት ነው። የልጆቻችን አያት አብረውን ይኖራሉ። ሰላሌ ተወልደው ያደጉ፣ ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት እንዳይገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባማ ትልቅ ነውር እንደሆነ የተማሩ ናቸው። ወንጌል ከተቀበሉ ዓመታት ቢያልፉም ይህ ከአጥንታቸው አልወጣም፤ እንዲወጣም አላስገደድናቸውም። «ልጄ፣ ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም ይባላል» አሉን። እኛ ደግሞ ከመጽሐፉ ጀመርን። በእርግጥ በብሉይ ኪዳን ውሻ በአብዛኛው የሚነሣው በመንገድ እየዞረ ጥንብ እንደሚበላ እንስሳ ነው፤ ስድብም ነው። ነገር ግን በማቴዎስና በማርቆስ ወንጌል ስለ ልጇ ልትለምን የመጣችው እናት ከጌታ ጋር ስትነጋገር በግሪኩ የምናገኘው ቃል ተራው የውሻ ስም አይደለም፤ ማሳነሻ ያለበት፣ ትንሽ ውሻ፣ ቡችላ ማለት ነው። ማሳነሻው በዚያ ዘመን ግሪክ ምን ያህል ክብደት ነበረው በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ በኮሌጅ ሳለንም ተከራክረንበታል። ይሁን እንጂ ያ ቡችላ ያለው ከማዕዱ በታች ነው። ማዕድ ያለው ደግሞ ቤት ውስጥ ነው።

አያት ዝም ብለው ሰሙንና «ጦብያ መንገድ ሲሄድም ውሻው ተከትሎት ነበር» አሉ። መጽሐፈ ጦቢት እኛ ከምንቀበላቸው 66 መጻሕፍት ውስጥ የለም። እሳቸው ግን በልጅነታቸው ሰምተውታል፤ በዚያ ቀን ክርክሩን ያሸነፍነው በእሳቸው መጽሐፍ እንጂ በእኛ ግሪክ አይደለም። ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጡ፤ ቤቱ አንድ ቀን ሽንት ሽንት ቢሸት ቡችላው ይወጣል። ፍትሐዊ ነው ብለን ተቀበልን።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነበር። ቡችላ በተፈጥሮው የተኛበትን አያቆሽሽም። ዓይኑ ሳይገለጥ እናቱ እየላሰች ታሸናዋለች፣ የወጣውንም ራሷ ታጸዳለች፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ከተኛበት ራቅ ብሎ መሽናት ይጀምራል። እኛ ማድረግ ያለብን ይህንን የተፈጠረበትን ጠባይ ማገዝ ብቻ ነው። ከጉሊት ሁለት የቲማቲም ሳጥን ገዝተን፣ ትልቁ ልጃችን አንድ ላይ መትቶ በር ሠራለት። ልኩ አስፈላጊ ነው። ቆሞ የሚዞርበት፣ ተኝቶ እግሩን የሚዘረጋበት ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። ሰፊ ከሆነ በአንዱ ጥግ ተኝቶ በሌላው ጥግ ይሸናል፤ እንደ ሁለት ክፍል ቤት ነው የሚቆጥረው። ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከላዩ አሮጌ የጋቢ ቁራጭ፣ ከሁሉ በላይ ያቺን የእናቱን ጨርቅ አነጠፍን። የሚበላውም እዚያው ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ሲያጠፋ ግን እዚያ አይገባም። ሳጥኑ እስር ቤት የሆነበት ቡችላ ሁለተኛ በፈቃዱ አይገባበትም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ሌሊቶች አለቀሰ። ሳጥኑን ከአልጋችን አጠገብ አስቀምጠን፣ ሲያለቅስ እጃችንን በእንጨቱ መካከል እናስገባለት ነበር። ማሽተት ሲችል ይተኛል። ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንነሣለን። እንደ ግምት ቡችላ ሽንቱን የሚቋጥረው በወሩ ቁጥር ላይ አንድ ሰዓት ተጨምሮ ነው ይባላል፤ የሁለት ወሩ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ ሌሊት ሲተኛ ትንሽ ይበልጣል። ቀን ቀን ደግሞ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ በልቶ እንደጨረሰ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ተጫውቶ ሲበቃው፣ ተሸክመን ወደ አንድ ቦታ ብቻ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር። «እንካ ቶሎ» የምንለውም አንድ ቃል ነው። ሲጨርስ ወዲያው፣ እዚያው ቆመን፣ የዳቦ ፍርፋሪ። ቤት ከገባ በኋላ የተሰጠ ዳቦ የገባበት ክፍያ ይሆናል እንጂ የሸናበት አይሆንም። (በስምንት ሰዓቱ መነሣት ያጉረመርም የነበረ አንድ ሰው ቤታችን ውስጥ አለ፤ በኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ ስለ ብዙዎቻችሁ መጸለይ ጀምሯል። ስማችሁ ከውሻ ሽንት ጋር በመነሣቱ ቅር አይበላችሁ።)

ቤት ውስጥ ሲሸናስ? ብዙ ሰው አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ነው የሚያውቀው። ይህን አታድርጉ። ውሻ ከደቂቃዎች በፊት የሠራውን አሁን ከሚመታው እጅ ጋር አያገናኝም። የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ባለበት መሽናት አደጋ አለው። ከዚያ በኋላ ከሶፋው ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር ይደበቃል፤ ደጅም ስታወጡት እናንተ እያያችሁት አይሸናም። ሲሸና ከደረሳችሁ አንስታችሁ ማውጣት፣ ካልደረሳችሁ ዝም ብሎ ማጽዳት። ሊሾው ላይ መጀመሪያ ውሃና ሳሙና፣ ቀጥሎ አቼቶ በውሃ በጥብጦ መወልወል ሽታውን ያጠፋዋል። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው።

አሁን ለመጻፍ ያመነታንበት ጉዳይ አለ። በዚያው በጥቅምት ወር አንዲት የዘመድ ልጅ፣ የስምንት ዓመት፣ እናቷ አርፋ ወደ እኛ መጥታ ነበር። በመካከሉ ሌላ ቤት ቆይታለች። ሌሊት አልጋ ላይ ትሸናለች። እኛ ያወቅነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እርጥቡን አንሶላ አጥፋ ከአልጋው ሥር ታስገባው ነበር። ከዚህ በፊት በነበረችበት ቤት አንሶላው የሰፈር ልጆች እንዲያዩት በአጥር ላይ ይሰጣ እንደነበር ቆይታ ነገረችን። ለእኛ ሳይሆን ለልጃችን።

ሐኪም ቤት ወስደናት ሽንቷ ተመረመረ፤ ሕመም የለባትም። ሐኪሙ ያሉን ቀላል ነበር። በዚህ ዕድሜ የሚያጋጥማቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ሕፃን እንቅልፉ ከባድ ነው፣ የአንዳንዱ ሰውነት ገና አልደረሰም፣ ሐዘን ደግሞ ያባብሰዋል፤ ስንፍና አይደለም፣ ዱላም አያድነውም። ይህን ለወላጆች ሁሉ እናስተላልፋለን። ደርቆ የከረመ ልጅ እንደገና ከጀመረ ወይም ቀን ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ ግን ሐኪም ሳያየው አይቅር።

ልጅን ከውሻ ጋር የምናስተያይ እንዳይመስላችሁ። እሷ ናት ያስተያየችው። ቡችላው በመጣ በሁለተኛው ቀን ሳሎን መሐል ሸና። ልጅቷ በሩ ጋ ደርቃ ቆመች፤ ፊታችንን እንጂ ወለሉን አልነበረም የምታየው። የልጆቹ እናት መወልወያ አምጥታ ጠረገች፣ ቡችላውን አንስታ ወጣች፣ በቃ። ልጅቷ ከኋላ ተከትላ «አይመታም?» አለች። «ለምን ይመታል? ገና አልተማረም እኮ» አለቻት። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

ከዚያ የቆጠራውን ሥራ ለእሷ ሰጠናት። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ቤት ውስጥ ለሸና አንድ ጭረት። የመጀመሪያው ሳምንት 17 ጭረት ሆነ፤ አያት ወረቀቱን አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ሳምንት 6፣ በአምስተኛው 1። አንድ ማታ ልጅቷ እርሳሱን እንደያዘች «የእኔንም ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች። እኛ የምንለው ጠፋን። የልጆቹ እናት ግን ድስቱን እያማሰለች፣ ዞር ሳትል፣ «ያንቺ የእኔና ያንቺ ነው፤ ግድግዳ ላይ አይጻፍም» አለቻት። ሰላሳ ዓመት ሊሞላን ነው ስንሰብክ፤ እንዲህ አጭር አድርገን የተናገርንበትን ቀን አናስታውስም።

በኋላ በስምንት ሰዓቱ ስንነሣ እሷም መነሣት ጀመረች። ማንም አልጠራትም። ቡችላው ከባሕር ዛፉ ሥር፣ እሷ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ እንቅልፋቸው። ስም ያወጣችለትም እሷ ናት፤ ቡቺ። የመንደሩ ውሻ ግማሹ ቡቺ ስለሆነ በር ከፍተን ስንጠራው አራት ውሻ ይመጣል። የጎረቤት ልጆች ደግሞ በኦሮምኛ «ሰሬ» ነው የሚሉት፤ ለሁሉም አቤት ይላል።

በሦስት ወሩ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ የእንስሳት ሐኪም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሰጠው፤ በዓመቱ ይደገማል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ውሻን በግቢ መያዝ ስንል ዋናው ቁም ነገር ይህ ነውና። በአዲስ አበባ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ የተመዘገበው በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዛሬም ድረስ ሰው ይገድላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው በየመቶው 99 የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ሰው ይድናል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከከተበ ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም ፓስተር ባረፈበት ዕለት ይውላል፤ በእኛ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው።

ቡራዩ በምናገለግልበት ዘመን የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እጁን የጎረቤት ውሻ ነከሰው። ጎረቤት ተሰብስቦ እናቱን «ፓስተር ውሰጂው! ፓስተር!» አላት። የአዲስ አበባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ውሻ የነከሰው ሰው ይሄድበት የነበረው ጉለሌ ያለው የቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሰፈሩም ጭምር በአጭሩ «ፓስተር» ይባላል። እናትየው ግን ከክፍለ ሀገር የመጣች ናት። ልጇን አዝላ ወደ እኛ ሮጠች። «ፓስተር፣ ወደ እርስዎ ላኩኝ» አለች።

ልጁን ቧንቧ ሥር አቁመን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጠብነው። እየታጠበ ጸለይንለት። ከዚያ ታክሲ አስገብተን ትክክለኛው ፓስተር ዘንድ ወሰድነው፤ ክትባቱን በዚያው ቀን ጀመረ። ውሻው ታስሮ አሥር ቀን ተጠበቀ፤ አልሞተም። ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። በዚያው ዓመት ግን ዘይት ብቻ ተቀብቶ የተላከ፣ ጸበል ብቻ የተረጨ፣ ሥር ብቻ የጠጣ ሰው ነበረ። የኦርቶዶክሱን ጸበል እንነቅፋለን፤ በእኛ መካከል «በእምነት ተቀብያለሁ» ብሎ ልጁን ሐኪም ዘንድ የማይወስድ ሰው እንዳለ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። በዚህ ጉዳይ አንለሳለስም። እጅ እንጭናለን፣ ከዚያ ታክሲ እንጠራለን። ታክሲውን የማይጠራ አገልጋይ ካለ እጁንም አይጫን።

በዓል ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር። በግ ስታርዱ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እንደ ፊኛ ያለ ነገር ካያችሁ ለውሻው አትጣሉት። ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል፣ በሰው ጉበትም ያንኑ ፊኛ ይሠራል። መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። የማይጎዳው ሥጋም ቢሆን ተቀቅሎ ይሰጠው።

አንዲት የቡራዩ እህት «እኛ እኮ ቀን ቀን አስረን ማታ እንፈታዋለን፣ እናንተ ሳጥን ውስጥ ከዘጋችሁት በምን ይለያል?» ብላ ጠይቃናለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። በጊዜው ይለያል። ሳጥኑ ውስጥ ቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሌላው ጊዜ ከሰው እግር ሥር ነው። በአራተኛው ወር በሩን አንስተነዋል፤ ሳጥኑ ቀርቶለት ራሱ እየገባ ይተኛበታል። ሰንሰለት ግን የሚያልቅበት ወር የለውም። ግቢያችሁ አጥር ካለው አታስሩት። አጥር ከሌለው ደግሞ አጥሩ ይቅደም፣ ውሻው ይቆይ።

የካቲት ሲገባ ብርዱ ቀለል አለ። ልጃችን ከጣውላና ከቆርቆሮ ቤት ሠራለት፤ ከመሬት አንድ ጡብ ያህል ከፍ ያለ፣ በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ዞር ያለ። የቲማቲሙን ሳጥን ጋቢውን እንደያዘ እዚያ ውስጥ አስገባነው። አያት የመጀመሪያውን ምሽት በመስኮት ሲያዩ አመሹ። «ይበርደው ይሆን?» አሉ። ማንም ሰው የጥቅምቱን አላስታወሳቸውም።

ልጅቷ አንዳንድ ሌሊት አሁንም ያመልጣታል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንሶላውን ራሷ አጥባ፣ ከእኛ ሸሚዝና ከአያት ነጠላ መካከል ገመዱ ላይ ሰጣችው። ውሃው ሲንጠባጠብበት ቡቺ ከሥሩ ተነሥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ተኛ።